የእትዬ ዘሀራ ርብራብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ተቀበሩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለት የመንደሩ እድር፣ ከተራራው ደን ወይራ ቆርጦ ከአፈሩ በታች ለሚጋደመው የመቃብር ርብራብ ያደርጋል። ከደኑ የምንቆርጠውን ማር ከሚገዛው ድርጅት ጋር መንደራችን ሲዋዋል ግን «ከደኑ አንድም ዛፍ አይቆረጥም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሳነብላቸው ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። የቀብር እንጨት እንደ መቁረጥ ይቆጠራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጠዋት ወልድያ ላለው የድርጅቱ ኃላፊ ደወልኩ። «አንድ ዛፍ ከወደቀ ውሉ ፈረሰ» አለኝ። ውሉ ከፈረሰ ደግሞ ደኑ ለከሰል ማለቁ ነው፤ ከማሩ በፊት የነበረውን አይቻለሁ። መጥረቢያ ይዘው የወጡትን ጎረቤቶቼን መንገድ ላይ ቆሜ መለስኳቸው።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር «ቃል ገብተናል፣ ምን እናድርግ ልጄ» ብለው ከመርሳ በባጃጅ ጣውላ አስመጡ። አፈሩ ሲመለስ ጣውላው ድው ድው ይል ነበር። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ሰምታለች። ከአልጋ ከዋለች ከርማለች።

«ለእኔም ጣውላ ነው?» አለችኝ።

«አላህ ያቆይሽ» ብዬ አለፍኩት። ውሉ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል።