ከዳገቱ በኋላ ዝም ስላሉት ልጆች፣ ለቦሎ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ራስዎን አያዞርዎትም? አያቅለሸልሽዎትም? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅዎት፤ ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ሆኗል። ነፋስ የሚገባበት ቢሮ ይስጥዎት፣ መስኮትዎ አይዘጋብዎት፣ አሜን።

እኔ የነጯ ሰርቪስ አያት ነኝ። ሾፌሯ የልጅ ልጄ ናት። ቱርቦ ባላት ሚኒባሷ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ሕፃናት ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ጠብ እገላግላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስሜን እስክጽፍ ብቻ ስለሆነ ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ የኔ፣ እጁ የሱ። በርዎ ላይ የምለጥፈው ደፍሬ አይደለም፤ በመዝገብ ቤት በኩል ብልከው እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ልጆቹ አድገው ይዳራሉ ብዬ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግንዎታለሁ። የድሮውን የጭስ ማውጫችንን የሠራልን የሰፈራችን በያጅ ነበር፤ ቆርጦ ቀጥል ነው የምንለው። መኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ለክቶ፣ የሞተሩ ጭስ ከሚወጣበት ከቱርቦዋ አፍ ጀምሮ እስከ ጭራዋ በልኳ ሠራላት። ጉረኛ ነው፤ «እማማ፣ ይቺ መኪና ከእንግዲህ በአፍንጫዋ ሳይሆን በሙሉ ደረቷ ነው የምትተነፍሰው» እያለ ሰፈሩን ሰበሰበ። ስትነሳ ታዲያ ጉድ ፈላ! መብረቅ የወረደ ነው የሚመስለው፤ ውሻው ሁሉ ጮኸ። ሐቁን ልናገር፣ ድምፁን ቀንሱ ማለትዎ ልክ ነበር፤ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ጉልበትዎን ስሜ እመርቅዎት ነበር። እርስዎ ግን አላቆሙም። በልክ የተሠራ ነገር ማኅተም የለውም፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ባለማኅተሙን ግዙ፣ እምቢ ካላችሁ ታርጋው ይፈታል አሉን።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኅተሙ አመሰግንዎታለሁ፤ በጣም ያምራል። ቧንቧው በካርቶን ታሽጎ ሲያብረቀርቅ መጣልን፣ ሻጩም ልክ ለዚህች መኪና የተሠራ ነው ብሎ ማለ። ለካስ የተሠራው ቱርቦ ለሌላት ለታላቅ እህቷ ኖሯል! የኛዋ ቱርቦ አፉ ወደ ጎን ዘንበል ያለ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚመጣ፤ እና በአንድ ጎኑ ገጠመ፣ በሌላው ከንፈሩን ከፍቶ ቀረ። የሻጩ ሰዎች በቡሎን አስጨንቀው፣ እሳት የሚችል ጨርቅ ጠቅልለው ደበቁት። (ልብስ ሰፊው እዚህ ጋ እስክሪብቶውን አቁሞ «እኔ ሁልጊዜ የምለው ይሄንኑ ነው እኮ፣ የተሰፋና የተገዛ አንድ አይደለም» ብሎ ሊጀምረኝ ነበር። ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት። ለክቶ የሰፋልኝ ቀሚስ ብብቴን እንዴት አንቆ እንደያዘኝ እሱም እኔም እናውቃለን።)

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራችሁ። ሠራተኛዎ አጎንብሶ በባትሪ ማኅተሙን አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ያንን ጭስ የሚያሸት መሣሪያችሁን ጭራዋ ላይ ሰክቶ «እማማ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መኪና ዘንድሮ አላየሁም» አለኝ። ይባርክህ አልኩት። ከጭራዋ የጠፋው ጭስ የት እንደገባ ግን መሣሪያው አልነገረውም። ምን ያድርግ፣ መሣሪያው አፍንጫ እንጂ ዓይን የለው።

አራተኛው ላይ ቀልዴ አለቀ፤ ይቅርታዎን።

ቦሎውን ባገኘን ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከልጆቹ መሐል ሬዲዮ የምንላት አለች፤ ከገባችበት እስክትወርድ ድረስ አፏ አይገጥምም። ከትምህርት ቤቱ በፊት ያለው ዳገት ሥር ስለ ድመቷ እያወራችልኝ ነበር፤ ድመቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ወልዳ፣ አባቷ ሸሚዝ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ምን እንደ ነካ። መኪናዋ ዳገቱን አቃስታ ወጣችው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ወሬው መሐል ላይ ቆሟል። ሌሎቹም ጸጥ። የልጅ ልጄ በመስታወት አየቻቸውና «እምዬ፣ ዛሬ ምን ነካቸው? እንዴት ጨዋ ሆነዋል!» አለችኝ። እኔም ራሴን እየፈለጠኝ፣ ተመስገን ነው አልኩ። ተመስገን!

ዞር ስል ሬዲዮ ጉንጯ ቲማቲም መስሎ፣ አንገቷ ተንጠልጥሏል። ጠራኋት። ነቀነቅኋት። እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ታጠፈች። «አቁሚ!» ብዬ የለቀቅሁት ጩኸት ከቆርጦ ቀጥል ቧንቧ ይብስ ነበር። አንድ በአንድ እየጎተትን ዝናቡ ላይ አወጣናቸው። አንዱ አስመለሰው፣ አንዷ እናቷን ጠራች፣ አንዱ ጫማዬ እያለ አለቀሰ፤ ለቅሶ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሬዲዮ ግን አላለቀሰችም። መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ብጠብቅ፣ የሚሰማኝ የዝናቡ ብርድ ብቻ። ጌታዬ፣ እንዲህ ያለውን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኝ፣ ለእርስዎም አልመኝ። በኋላ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «የት ደርሼ ነበር?» አለችኝ። «ቁም ሳጥኑ ጋ» አልኳትና በነጠላዬ ጠቅልዬ ክሊኒክ አደረስኳት።

ክሊኒክ የነበረችው ነርስ፣ ጭስ ነው የገባቸው፣ ሽታ አትጠብቁ፣ የሚገድለው ሽታ የሌለው ነው አለችን። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» አለችና ተወችው። እሷ የተወችውን እኔ ሳልፈልግ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጸጥታ ያስፈራኛል። ሽማግሌው ባሌ ከምሳ በኋላ ጋደም ካለ መዳፌን አፍንጫው ሥር እሰዳለሁ፤ «ሴትዮ፣ ገና አልሞትኩም፣ ተይኝ ልተኛበት» ይለኛል። የጎረቤት ልጅ ድምፅ ካጣሁ በር አንኳኳለሁ። አብዳለች የሚሉኝም አሉ፤ ይበሉ።

አምስተኛ፣ ስለ ሕግ አክባሪነትዎ። ቆርጦ ቀጥል ጉራውን ትቶ፣ ባለማኅተሙን ቧንቧ አልጥለውም፣ ድምፁንም አልነካም፣ ቱርቦውን የሚነካበትን ጫፍ ብቻ ቆርጬ በልኩ ላግጥመው አለን። ፈቃድ ብንጠይቅ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ በብየዳ የተነካ ቧንቧ ማኅተሙ ይሰረዛል ብላ መለሰችን። ካልተነካ ልጆቹን ያፍናል፣ ከተነካ ታርጋው ይፈታል። እንዲህ አድርጎ የሚገጥም ነገር ቧንቧው ላይ አጥቼ ደንቡ ላይ አገኘሁት፤ አንዲት ቀዳዳ የለውም።

የልጅ ልጄ እንግዲህ መኪናዋን ግቢ አቁማ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እሱስ ይሁን። ልጆቹ ግን ከትምህርት አይቀሩም፤ ወላጆቻቸው ወደ ሰማያዊዋ ሰርቪስ አዛወሯቸው። ሰማያዊዋ የኛዋ መንታ ናት፤ ያው ቱርቦ፣ ያው ካርቶን፣ ያው ማኅተም፣ ያው ጨርቅ። ለወላጆቹ ነገርኳቸው፤ መንግሥት መርምሮ ቦሎ ሰጥቷታል አሉኝ። ማኅተምዎን ከኔ አስበልጠው አመኑት። ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ሥር ጠብቄ አስቆምኳት። ብርድ ስለሆነ መስኮቷ ጥርቅም ብሏል። ሬዲዮ ከመስታወቱ ወዲያ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች። «ክፈቱ! መስኮቱን ክፈቱ!» እያልኩ በመዳፌ ደበደብኩት። ሾፌሩ ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እንጀራዬን ለቀቅ አድርጊልኝ» አለኝና መልሶ ዘጋው። ዳገቱን ወጡ። ጉልበቴ አይከተል፤ ቆሜ ቀረሁ።

የምለምንዎት ይህችን ብቻ ነው። በልክም ይሠራ፣ ተዘጋጅቶም ይገዛ፣ ለኔ ሁለቱም ብረት ነው። ያንን የሚያሸት መሣሪያዎን ግን ከጭራዋ ያንሡና ልጆቹ የሚቀመጡበት ወንበር ሥር ያድርጉት፣ መኪናዋ ዳገት እየወጣች። እስከዚያው ሰማያዊዋን ያስቁሙልኝ። ዛሬ። ነገ ጠዋትም ብርድ ነው ይላሉ።

ማኅተምዎን ከልቧ የምታከብር፣ ከቢሮዎ በር ላይ የማትጠፋ፣ እጇን ከሰው አፍንጫ ሥር ማንሣት ያቃታት ታዛዥዎ፣
የነጯ ሰርቪስ አያት

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ልብስ ሰፊው፣ ደብዳቤሽ ማኅተም የለውም፣ አይቀበሉሽም ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ካላመኑኝ ነገ ጠዋት ይምጡና ሰማያዊዋ ውስጥ፣ ከሬዲዮ አጠገብ ባለው ቦታ፣ የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እኔም አብሬዎት እገባለሁ። መስኮቱን እንደ ደንቡ እንዘጋዋለን፣ ዳገቱንም እንወጣለን። ሜዳው ላይ ስንደርስ እርስዎም ዝም ካሉ ግን አይስጉ፤ ጨዋ ሆኑ ብዬ ተመስገን አልልም፣ በሩን እከፍትልዎታለሁ።