ካሴቱ ጀርባ አለው

ለማንጠግቦሽ፣ ለልጄ እናት፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ይባላል ብላ ልጅሽ ሙሉ አስተምራኛለች። ላንቺ እንዴት ብዬ ልበል? ጤናውንም ሕመሙንም ለኛ ጥለሽው ሄደሻል። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ጉልበቴ እንደዚያው ነው። ዓይኔ ደክሟል። ምላሴ አልደከመም። ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በደንብ አወጣሁልሽ፤ ቄሱም ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ጠላው ቀጥኖ ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አትሳቂ። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ አንቺ ደብተርሽን በነጠላሽ ጠቅልለሽ ስትሄጂ፣ እኔ «ሽበቴን ይዤ ከልጅ ጋር አግዳሚ ላይ አልቀመጥም» ብዬ ቀረሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመነኝ፣ በሦስተኛው ተቆጣኝ። እኔም በሬ ጠፍቶብኛል ብዬ በጓሮ ወጣሁ። በሬው ደጅ ቆሞ ያየው ነበር። አሁን በስተርጅና ፊደል የቆጠርሁት ምን ቢመጣ መሰለሽ? ሹመት ፈልጌ አይደለም። በካሴት ምክንያት ነው። እሱን ልነግርሽ ነው የተነሣሁት።

ቤቱ እንዳለ ነው። ቡሬዋ ወለደች፣ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው፣ ጤፉን በረዶ ነካካው። ሙሉ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውራ እዚያው ታስተምራለች። ከኔ ጋር ይግቡ ብትለኝ እምቢ አልሁ፤ የሰው ቤት ጣራ እንቅልፍ አይሰጠኝም። እምቢ ብል ጊዜ ቴፕ ገዝታ አመጣችልኝ፣ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ። ሐዘን ቤት ቴፕ አይከፈትም ብዬ አንቺ የምትቀመጪበት መደብ ላይ አኖርሁት። ዓመቱን ሙሉ ነጠላሽን ለብሶ ተቀመጠ። አንዳንዴ ከደጅ ስገባ አንቺ ትመስዪኝ ነበር። ይህን ለሙሉ አልነገርኋትም።

ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ ከፈትሁት። ወይ ጉድ! ምን ያህል የሚሰማ ነገር አለ መሰለሽ! ደብረ ታቦር ከገበያው በታች ሰይድ የሚባል ካሴት ሻጭ አለ። በገበያ ቀን እሱ ጋ ሳልደርስ አልመለስም። ካሴቱ ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ በግ ጆሮ ላይ ምልክት እንደምናደርገው ከፈትልሽ እየቆረጥሁ፣ በልዩ ልዩ ቀለም እየነከርሁ አሰርሁባቸው። የባትሪው ድንጋይ ቶሎ እንዳያልቅ ደግሞ ካሴቱን ወደ ኋላ የምመልሰው በእንዝርትሽ ነው። ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ እንዳንቺ አሾረዋለሁ። ልክክ ነው የሚለው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ቀይ ክር ያሰርሁበትን ብትሰሚው ደስ ይልሽ ነበር። ከጋይንት በኩል የሆነ ማሲንቆ መቺ ነው፣ ከሚስቱ ጋር ይቀባበላል። ሙገሳ ያበዛል፣ ያገኘውን ሁሉ ጀግና ይላል፤ ይህ ሆድ አደር ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ወደ ትዝታው ሲገባ ሙገሳውን ይተወዋል። ያኔ እሱ ይጀምራል፣ ሚስቱ ከአፉ ነጥቃ ትጨርስለታለች። እኔና አንቺ ቅጽሩን ስናጥር እንጨቱን የምንቀባበለውን መሰለኝ።

ጥቁር ክር ያለው የአዲስ አበባ ባንድ ነው። ጥሩምባውን የሚነፉት ብዙ ሆነው ነው። የመጀመሪያ ቀን ጥጃ የጠፋባት ላም መንደር ገባች አልሁ። ልዘጋው እጄን ስሰድድ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሰው ሲያወራ ሳቋርጠው «እስቲ ይጨርስ» ትይኝ አልነበር? እስቲ ይጨርስ ብዬ ተውሁት። አራተኛው ላይ ግጥም የሌለው ዜማ አለ። አንድ ወፍራም ጥሩምባ ብቻውን ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ከሥሩ ከበሮው እንደ ደከመው መንገደኛ ይከተለዋል። ቀንበር እየጠረብሁ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ቃል ሳይናገር ይህን ያህል የሚናገር ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሰማያዊው የኪነት ቡድን ነው። ይሄን ሰይድ በምርቃት ሰጠኝ እንጂ እኔ አልመረጥሁትም። ወደፊት በሉ፣ ተደራጁ፣ አምርቱ ነው፣ ስብሰባ ላይ የሰማሁትን በከበሮ ይደግመዋል። በየመካከሉ ግን አንድ ዋሽንት አለ፤ ለዋሽንቱ ስል ስብሰባውን ቁጭ ብዬ እካፈላለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው፣ ጎረቤታችን ልጇ ዘምቶባታል።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ወር ያህል ሰማሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ በእንዝርትሽ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። አንድ እሑድ ሙሉ መጣችና «አባዬ፣ የዚህን ጀርባውንስ እንዴት አገኙት?» አለችኝ። የምን ጀርባ አልኋት። ልጅሽ ሆዷን ይዛ መደብ ላይ ወደቀች። «እንደ ቂጣ ይገለበጣል እኮ! ግማሹን ጥሬውን ነው ሲበሉ የከረሙት!» አለች። አፈርሁ፣ ግን አላስታወቅሁም። አውቄ ነው፣ አንዱን ገጽ ሳልጠግብ ወደ ሌላው አልሄድም አልኋት። አላመነችኝም፤ የናቷ ልጅ ናት።

እሷ ስትሄድ ሰማያዊውን ገለበጥሁት።

ማንጠግቦሽ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ጀርባው ላይ ስብሰባ የለም። ጭብጨባ ነው የሚጀምረው፣ የሴቶች ጭብጨባ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ አነሣች፦

*ላዩ ጉና መሳይ፣ ውስጡ ግን ወንዛዬ፣*
*እንዲያ ነው የኔ ሰው፣ እንዲያ ነው ጌታዬ።*

ታስታውሻለሽ። እኔም አልረሳሁት፤ ግማሹን ነበር የያዝሁት።

ለጉልበቴ ብለን ወንዛዬ ፍል ውኃ የወረድን ጊዜ ነው፣ ከመሞትሽ አራት ዓመት ቀደም ብሎ። ተራው የሴቶች ነበር። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከውስጥ ጭብጨባ ተነሣ፣ ድምፅሽን ለየሁት። ያንቺን ድምፅ ከሺህ መካከል እለየዋለሁ። «ላዩ ጉና መሳይ» ስትዪ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በክርኑ ጎሸም አድርጎ «አያሌው፣ ጉና የተባልኸው አንተ ነህ! ውርጭ ነህ ማለቷ ነው!» አለኝ። ወንዶቹም ሳቁ። ደሜ ፈላ። ሚስቴ በሰው ፊት፣ በባዕድ አገር፣ ቀዝቃዛ ተራራ ብላ ሰደበችኝ ብዬ ተነሣሁ። ተራዬንም አልጠበቅሁ፣ ፍል ውኃውንም አልገባሁ። ወዳረፍንበት ጎጆ ሄጄ ስንቃችንን ማሰር ጀመርሁ። ቀሪውን የዘፈንሽው እኔ አህያውን ስጭን ነው።

ከወንዛዬ እስከ ሐሙሲት አላናገርሁሽም። ከኋላዬ ፀጉርሽ ሳይደርቅ ትመጪ ነበር። ሦስት ጊዜ «ምን ሆኑ?» አልሽኝ። አንድ ጊዜ ወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ዋርካው ሥር፣ አንድ ጊዜ ሐሙሲት ልንገባ ስንል። ዝም አልሁ። በአራተኛው አንቺም ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲያ ሰርግ ላይ ታጨበጭቢ ነበር እንጂ ግጥም ስታነሺ አልሰማሁሽም። ሴቶቹ አውርጂልን ሲሉሽ «ድምፄ ሄዷል» ትያቸው ነበር። እኔ ደግሞ ከጥግ ሆኜ፣ ገባት፣ ተመከረች እል ነበር።

ድምፅሽን አንቺ አልጣልሽውም፤ እኔ ነኝ የወሰድሁብሽ። በምን? ሰድባኛለች ብዬ። የተሰደብሁት ደግሞ «ጌታዬ» ተብዬ ነው! እንዲህ ያለ ስድብ ከየት ይገኛል? ያን ቀን ትንሽ ብቀመጥ ኖሮ፣ አንዲት መስመር ብቻ ብታገሥ ኖሮ! ለጥሩምባ ነፊ የታገሥሁትን ያህል ላንቺ ሳልታገሥ ቀረሁ። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? እልኸኛ አንቺም ነበርሽ። ወይም ላዩ ጉና መሆኑን ያኔ አየሽውና ውስጡን ተጠራጠርሽ። ተጠራጥረሽ ሞተሽ ይሆን?

ካሴቱ ላይ የምትዘፍነው ልጅ ማን እንደሆነች አሁን ነው የገባኝ። አንገቷን በሻሽ የጠቀለለች፣ ድምፄ ተዘጋ ብላ ለውኃው የመጣች አንዲት ቆንጆ ነበረች፤ ቆሎሽን ስታካፍያት አይቻለሁ። «የኪነት ልጅ ናት» ብለሽ ነግረሽኝም ነበር። እኔ መቼ ሰማሁሽ። እሷ ግን ጨርሳ ሰምታሻለች። ድምፅዋ እንዳንቺ ወፍራም አይደለም፣ «ጌታዬ» የሚለውንም ቶሎ ትለቀዋለች፤ አንቺ ብትሆኚ ታቆዪው ነበር። ግን ይባርካት። እሷ ባትኖር ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር።

ካሴቱን ይዤ ሙሉ ጋ ሄድሁ። ወረቀቱ ላይ የማን ግጥም ይላል አልኋት። ልታነብልኝ ስትል ከለከልኋት፣ እኔው አነበዋለሁ፣ አስተምሪኝ አልሁ። እሷም እንደ ተማሪዎቿ አስቀመጠችኝ። አዎ፣ አግዳሚ ላይ። ክረምቱን ሙሉ ተማርሁ። መጨረሻ ላይ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት፦ «ግጥምና ዜማ፣ የሕዝብ»።

የሕዝብ! ሰይድ ጋ ገስግሼ ሄድሁ። የምን ሕዝብ ነው አልሁት። እኔ ሕዝብን አላገባሁም፣ ከሕዝብ አልወለድሁም። ይህ የማንጠግቦሽ ግጥም ነው፣ ስለ እኔ ነው የተገጠመው! ሰይድ ሳቀ። «ጋሼ አያሌው፣ እርስዎን ጌታዬ ብሎ የሚዘፍን ሰው ተገኘ?» አለኝ። ተገኝቷል አልሁት። ከተቀመጥሁበት አልነሣም አልሁ። ደንበኞች መጡ፣ ሄዱ፤ እኔ አለሁ። ምሳውን በላ፣ ሰግዶ መጣ፤ እኔ አለሁ። መጨረሻ ላይ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እርስዎ ነዎት» አለኝ። እኔም፣ እንግዲያው ወረቀቱ እሷን ይያዝልኝ አልሁት።

ነገሩ ለካ ቀላል ነበር። ሰይድ ካሴቱን እዚያው እየገለበጠ ያበዛል፣ ወረቀቱን ደግሞ በእጁ ነው የሚጽፈው። «ስሟን ይንገሩኝና ልጻፍ» አለ። አይሆንም አልሁ፤ እኔ ነኝ የምጽፈው። ሦስት ወረቀት አበላሸሁበት። «ጠ»ን ስጽፍ እግሯ ከሦስት ይበልጥብኛል፤ «ሽ» ደግሞ ራሷ ላይ ያለውን እየረሳሁ ሌላ ሴት አደረግሁሽ። በአራተኛው ወጣሽ። «ግጥም፣ ማንጠግቦሽ»። ሰይድ ብዙ አየው። ከዚያ በኋላ በገለበጠው ሁሉ ላይ የኔን እያየ ይጽፈዋል፤ እኔም በገበያ ቀን እየሄድሁ አመሳክራለሁ። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ገዝታ ስትሄድ አየሁ። ስምሽን በቦርሳዋ ይዛ ወደ እስቴ መንገድ ሄደች።

ሕዝቡ ይወቅሽ። እኔ ግን ገና ነኝ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ወንዛዬ እወርዳለሁ። ሙሉ አያስቡት ብላኛለች፣ ጉልበትዎ አይችልም አለች። እምቢ አልኋት፤ ይህን እምቢታዬን አንቺም ትወጂልኛለሽ። ቴፑን እይዛለሁ፣ ድንጋዩን አዲስ እገዛለሁ። እዚያው የተቀመጥሁበት ድንጋይ ላይ እቀመጥና እስከ መጨረሻው እሰማሻለሁ። ከዚያ መንገዱን ይዤ በእግሬ ወደ ሐሙሲት እመጣለሁ፣ እያወራሁሽ። ላይ ታች የሚሄደው ሰው አበደ ይበለኝ። በሕይወት እስካለሁ በየመስከረሙ አደርገዋለሁ። ስዘነጋ የምመለስበት ይህ ወረቀት አለኝ፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እዚያ እመልስልሻለሁ። ዋርካው ሥር ጠይቀሽኝ ነበር፤ እዚያም። ሐሙሲት ልንገባ ስንል ጠይቀሽኝ ነበር። እዚያ ቆሜ የመጨረሻውን እነግርሻለሁ፦ ምንም አልሆንሁም፣ ማንጠግቦሽ። ሳልጨርስ ሰምቼሽ ነው።

ባልሽ አያሌው