የሆልምሮይድ ራግቢ ክለብ ጸሐፊ ስለዚያ ዋንጫ የተናዘዘው

ዛሬ ማክሰኞ ማርች 10 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. እኔ ኢኖክ ሰግደን፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ በሆልምሮይድ ከተማ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳይጎተጉተኝ ይህን ኑዛዜ በጠበቃዬ እጅ አጽፌያለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ወይዘሮ ኤድና ቶርዶፍና የክለባችን የቀድሞ አምበል ዊልፍ ባራክላው ናቸው። በዚህ ክፍል የተነገረ ሁሉ እንዳለ ይጻፍ።

ቤቴን ከነዕቃው ለልጄ ለማርጀሪ ሰጥቻለሁ። የአትክልት ቦታዬ ለወንድሜ ለአልበርት ይሁን፤ ሠላሳ ዓመት ጎመኔ ላይ ሲያሾፍ ኖሯል፣ እስቲ አሁን ራሱ ይትከል።

የዋንጫው ፍጻሜ ለሚደረግበት ለዌምብሌይ ስታዲየም ብዬ ያሰፋሁት ሙሉ ልብስ አንድም ቀን አልተለበሰም። ለክለቡ ሊቀ መንበር ለዴዝሞንድ ክራውተር ይሰጥልኝ። ይጠበዋል፤ ይጥበበው!

ምክንያቱም ይህ ነው። በ1986 በሊጉ ሁለተኛ ነበርን፣ በዋንጫውም እየገፋን ነበር። በፌብሩዋሪ ትሬቨር ሜለር የሚባል የክንፍ ተጫዋች ከሌላ ክለብ መጣልን። በአንድ ዓመት ዋንጫ ለአንድ ክለብ የተሰለፈ ለሌላ እንደማይሰለፍ በከተማችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ትሬቨር ግን በዚያው ዓመት ዋንጫ ለቀድሞ ክለቡ ተቀይሮ ገብቶ አራት ደቂቃ ተጫውቶ ነበር። ለዴዝሞንድ ነገርኩት።

«ኧረ ባክህ ኢኖክ! ጭቃ በጭቃ ሆኖ የጀርባው ቁጥር እንኳ አልታየም። ማን አየው ብለህ ነው?» አለኝ።

ተሰለፈ። በግማሽ ፍጻሜው ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ አሸነፍን፣ ከተማው አበደ። በአምስተኛው ቀን ታወቀብን። ከዋንጫው አባረሩንና ያሸነፍነው ቡድን ዌምብሌይ ሄደ። የልጆቹም ወኔ ሞተ፤ በሊጉ ከቀሩን ስምንት ግጥሚያዎች ሰባቱን ተሸነፍን፣ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ማለፋችንም ቀረ። ዴዝሞንድ በደጋፊው ፊት ቆሞ «ልጁ መጫወቱን ደብቆን ነው» አለ። ውሸታም! ዐይኑን በጨው አጥቦ!

እዚህ ላይ ዊልፍ አቋረጠኝ።

«አቶ ሰግደን፣ የአሰላለፉን ወረቀት ሊቀ መንበሩ አይፈርምም። የፈረመው ማን ነው?»

ጠበቃው ይህ ከኑዛዜው ጋር ምን አገናኘው አለ። ይጻፍ አልኩት።

እኔ ነኝ የፈረምኩት።

ትሬቨር ራሱ ቢሮዬ መጥቶ «አቶ ሰግደን፣ እኔ እኮ በዋንጫው ተጫውቻለሁ፣ ችግር የለውም?» ብሎ ጠይቆኛል። «አንተ ሩጥ፣ ወረቀቱን ለእኔ ተወው» አልኩት። ዌምብሌይን ማየት ፈልጌ ነበር። አርባ ዓመት የሌላ ከተማ ሰው ሲሄድ አይቼ አንጀቴ አሮ ነበር። ዴዝሞንድ ልጁን ሲወነጅል ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። በሜዳው የሥጋ ፓይ መሸጫ ሰልፍ ላይ ደጋፊዎች ተፉበት። በሃያ ሦስት ዓመቱ ጨዋታ ተወ፤ ዳግመኛ ኳስ አልነካም። እሱ ሲዋረድ ለእኔ ኮፍያቸውን ያነሱልኝ ነበር።

ስለዚህ ፊርማዬ ያለበትን የአሰላለፍ ወረቀት ለትሬቨር ሜለር አውርሻለሁ። ይህም ቃሌ በስቅለት ዓርብ ግጥሚያ፣ ሜዳው ሞልቶ ሳለ፣ ብሞትም ባልሞትም በድምፅ ማጉያ ይነበብ። ክለቡን ያገለገለ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከጎሉ ሥር ይበተናል፤ ለእኔም ቃል ተገብቶልኝ ነበር። አልፈልግም። የትም ይበተን።

ኢኖክ ሰግደን፤ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ።

ኤድና ቶርዶፍ፤ እያለቀሰች ፈርማለች።

ዊልፍ ባራክላው፤ እጄን ብዘረጋለት አልጨበጠኝም። ሲፈርም የተናገረው በጠየቀው መሠረት ተጽፏል፦ «መስማቴን ለማረጋገጥ ነው የፈረምኩት። ይቅር አለ ብላችሁ እንዳትጽፉ።»