ግንባር መሬት ሲነካ

ዲላ፣ መስከረም 5 ቀን 1978

ጎረቤቴ አስቴር ወገቧን ይዟት ጎንበስ ማለት አቅቷታል። ልጆቿ ደህና ናቸው፣ ሁሉም ከቤት። የእኔን ልጅ ግን ኮርኒስ ላይ መደበቁን ለቀበሌ ጠቁማ ለውትድርና አስወሰደችው።

ዛሬ ትልቋ ልጇ መጥታ፣ «እትዬ ወርቄ፣ የሕንዱ መምህር ሚስት ያስተማረችዎትን ዮጋ ለእማዬ ያሳዩልኝ» አለችኝ።

ሕንዷ እኮ፣ «ክረምት ወጣ፤ አሮጌ ቂም ከትንፋሽ ጋር አውጪ» ትለኛለች። ስንቱን አወጣሁ፤ የአስቴር ግን አልወጣ አለኝ።

«ራሷ ትምጣ» ብዬ ላክሁባት።

መጀመሪያ የማሳያት ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት ነው፤ ልክ እንደ ይቅርታ ለማኝ። ለወገብ ፍቱን ነው፣ እኔን አድኖኛል። እግሬ ሥር ትደፋልኛለች። ቀና በይ የምላት ልጄ ሲመለስ ነው።