ዕጣ የወጣላቸው ኬሻዎች

ጥር 14

ዛሬም በር አጠገብ ያሉትን አሥር ኬሻ ቡና ወግቼ፣ አይቼ፣ «ምርጥ» ብዬ ፈረምኩ። ሚዛን ከተማ የተከበርኩ የቡና ጥራት መርማሪ ነኝ... ምርመራዬ ግን ከበሩ አያልፍም። አራጋፊዎቹ ጠንቅቀው ያውቁታል። ቆንጆውን ወደ በር፣ ጠጠሩን ወደ ጓዳ።

ጥር 16

አዲስ ሥርዓት አወጅኩ። ከሁለት መቶ ኬሻ ሃያው በዕጣ ይከፈታል። አንድ የተበላሸ ኬሻ ቢገኝ ይታለፋል። ሁለት ከተገኘ ሁለት መቶውም ወደመጣበት።

አለቃዬ አቶ ከፈለኝ፣ የቀረውን መቶ ሰማንያ ማን አየው አሉ። ዕጣው ያየዋል አልኳቸው... ራሴንም አስደነገጥኩት። በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «ዕጣ የወጣላቸው ኬሻዎች ብቻ ይከፈታሉ።»

ጥር 19

የሸኮ ገበሬዎች ሁለት መቶ ኬሻ አመጡ። ቁጥር ስጠራ እልልታ። ሲላስ የተባለው ገበሬ ቁጥሩ ሲወጣ ዘለለ፣ አቀፈኝ። ኬሻው ተከፈተ፤ ግማሹ ጥቁር ፍሬ። እሱ ግን እየሳቀ፣ «ሽልማቱስ?»

የምን ሽልማት? ለካ እንደ ዕቁብ መስሏቸዋል። «የወጣላቸው» ብለህ ለጥፈህ የለ እንዴ አሉኝ። አይ አንቺ «ላ»... «የወጣባቸው» ነበር የሚባለው።

ሁለተኛ ብልሽት ተገኘ። ሁሉም ወደ ሸኮ ተመለሰ። ቡናቸውን የሚገዛው ነጋዴ አንድ ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ ዳግም ከወደቁ ከጌጫ ገበሬዎች ሊገዛ ነው። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ወይዘሮ ተሾመች ሲላስን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን። ምነው በሰደቡኝ።

«ላ»ን ሰርዤ «ባ» አደረግኩ።

ጥር 27

አራጋፊው ሀይደር ከሸኮ ወሬ አመጣ። ዕጣው በማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ጥቁሩን ከደህናው እየለቀመ ነው። ሲላስማ የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ይዟል አሉ። ይህን ሁሉ አንዲት ፊደል?

የካቲት 4

መጡ። ሃያ ኬሻ ወጣ፤ ሃያውም ንጹሕ። አለፉ!

ጨረስን ስል ሰልፍ። ዕጣ ያልወጣባቸው ናቸው። የእኛስ ለምን ይዘለላል? ሲላስ አኩርፏል፤ ሳምንት ሙሉ አጎንብሶ የለቀመውን ማን ይይለት? ወይዘሮ ተሾመችም የራሳቸውን ኬሻ አፍ መፍታት ጀመሩ። ከለከልኩ። የሥርዓት ክብር አለ...

«እናቴ፣ ደንቡ እኮ ያላየነውን ማመን ነው» አልኳቸው።

«ያላዩትን ማመን?» አሉ ገመዱን መልሰው እያሰሩ። «እሱንማ እኛ እሁድ እሁድ ስንዘምረው ነው የኖርነው። በል፣ ፈርም።»

ፈረምኩ።