የአሥራ ሦስት ቁጥሯ መፍቻ

ኦሮሮ፣ ደቡብ አውስትራሊያ
እሑድ፣ ኦገስት 18 ቀን 2019

የኔዋ ብሪዮኒ፣

ይህ ወረቀት ካናዳ እስኪደርስ እዚያ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምር ይሆናል። እኛ ዘንድ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ዛሬ ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ የተጋገረውን ውርጭ በዳቦ ቢላ ነው የፋቅኩት። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እነዚያ የማዕድን መኪናዎች ጎማቸው ብቻ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል ያልሽኝን ለትምህርት ቤት ሻይ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ አንዳቸውም አላመኑኝም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩ ያለው አባትሽ ወንበር አጠገብ ነው። ሞባይሌ ደግሞ ከበረንዳው ካለፍኩ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። ደግሞም እኔ ወሬ ስጀምር አንቺ «እማዬ፣ ሥራ ልገባ ነው» ትያለሽ። ወረቀት ሥራ አይገባም።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። እናትሽ ጎማ ቀየረች! በሃምሳ አራት ዓመቴ! በገዛ እጄ፣ በገዛ ክሪኬ! አትሳቂ። እሺ ሳቂ፤ አባትሽም ስቋል።

ነገሩ የጀመረው የአባትሽ እጅ ዕቃ መያዝ ሲያቅተው ነው። በፋሲካ ሰሞን «ትንሽ ይንቀጠቀጣል» ብዬሽ ነበር። ትንሽ አይደለም፤ ዋሽቼሻለሁ። አሁን ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ እኔ ከሥር ካልደገፍኩት ይፈስሳል። ከተማ ያለችው ሐኪም ለበሽታው ረጅም ስም ሰጥታዋለች፣ ብጽፈው አሳስተዋለሁ። መካኒክ እዚህ እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ሐኪም ቤት መመላለስ አለብን። እና አንድ ቀን ተነሳና፣ «ሬይ፣ ቱታዬን ልበሺ» አለኝ።

«የማንን ቱታ?»

«የኔን። ከዛሬ ጀምሮ እጅ አንቺ ነሽ፣ አፍ እኔ ነኝ።»

«አፍስ እኔም አላጣሁም» አልኩት።

«እሱንማ ኦሮሮ በሙሉ ያውቃል።»

ይኸውልሽ፣ ወንበሩን ወደ ዕቃ ቤቱ አወጣሁለት፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣልኩለት፣ እሱ በከዘራው እየጠቆመ እኔ ተማርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደዚያ ቤት ሻይ ከማድረስ በቀር ገብቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቅርጹ በጥቁር ቀለም ተስሎለት መሰቀሉን እንደ ጌጥ ነበር የማየው፤ ለካ ጌጥ አይደለም። መዶሻው የመዶሻ ጥላው ላይ፣ ፒንሳው የፒንሳ ጥላው ላይ። የጎደለው ወዲያው ይታያል። ሕጉንም አስጠናኝ፤ አንቺን በሰባት ዓመትሽ ያስጠናሽን። ዕቃ የወሰደ ሰው ባዶው ጥላ ውስጥ ስሙን በጠመኔ ይጽፋል። ሲመልስም ስሙን ራሱ ያጠፋል። የሌላ ሰው ስም ማጥፋት ክልክል ነው።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴን ልንገርሽ። መኪናዬን በክሪክ አነሳሁ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ከዚያ ጎማውን የያዘውን ዳዶ ልፈታ መፍቻውን ስጫን ጎማው አብሮኝ ዞረ። ብጫን ይዞራል፣ ብጫን ይዞራል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወዴት እየነዳሽው ነው?» አለኝ አባትሽ።

መጀመሪያ መሬት ላይ እያለ አላልቶ፣ ከዚያ ነው ለካ ማንሳት። አውርጄ እንደገና። ያኔም አልላላ ሲለኝ መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩበት! ትሬቨር ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየኝና፣ «ዳሪል፣ አዲስ መካኒክ ቀጠርክ አሉ። ወረፋ አላት?» አለ። አባትሽ፣ «አላት። አጥር ላይ የሚንጠለጠል ሰው ግን አታስተናግድም» አለው። እኛ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ቆይቶ ነበር፣ ብሪ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። የባትሪውን ጫፍ በብሩሽ ፈተግኩ፤ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ የኔጌቲቩን ገመድ እንደሚፈቱ አውቃለሁ። ሞተሩን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየርኩ። በእጅ እስኪገባ በእጅ፣ መፍቻው መጨረሻ ላይ ብቻ። ባለመስቀል ካቻቢቴና ጠፍጣፋው እንደማይተካኩ፣ ፒንሳ ለዳዶ መያዣ እንደማይሆን፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንደማይገባ አውቃለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር አልለቅ ብሎኝ ልጆቹ ሻይ ቤት ውስጥ፣ «ሚስስ ሬይሊን፣ ኬኩን በጓንት ይስጡን» ይሉኛል።

እና ባለፈው ሳምንት አባትሽ ከዘራውን ወደ ጥጉ አነሳ። ሸራ ለብሶ ወደቆመው ወደ አሮጌው ፒክአፕ።

ያንን ሸራ ዘጠኝ ዓመት የነካው የለም። ምክንያቱን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ቢያንስ አውቃለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ከሥሩ ተኝተሽ ዘይቱን ልታወርጂ ስትይ፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን መፍቻውን አሟለጨና የጭንቅላቱ ጠርዝ ተበላ። አባትሽ ጎንበስ ብሎ አየና ትሬቨር በቆመበት ጮኸብሽ። «የግማሽ ኢንቹን መፍቻ ውሰጂ ተባልሽ እኮ! ዓይንሽ የት ነው? ሂጂ፣ ከእናትሽ ጋር ዳቦ ላይ ቅቤ ቅቢ!» አንቺም «ከቦታው ነው ያነሳሁት!» ስትይ፣ እሱ «መስቀያው አይዋሽም!» አለሽ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ መፍቻውን ቱታሽ ኪስ ውስጥ እንደያዝሽ ወጣሽ፤ ዓርብ በአውቶቡሱ ሄድሽ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በስልክ ምን ስልሽ ኖርኩ? «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂው።» አንቺ ዝም ትያለሽ፤ እኔ ዝምታሽን ኩራት ነው እል ነበር።

አሁን የሆነውን ስሚኝ። የተበላውን ብሎን ዝገት የሚያላላ ዘይት ሦስት ቀን አጠጣሁት። በአራተኛው ቀን ነክሶ በሚቀረው ፒንሳ ይዤ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ግራ ቀኙ ተገልብጦብኝ፣ እየተሳደብኩ (ስድቡን አልጽፍልሽም) አወጣሁት! ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወረደ። ግማሹ ፀጉሬ ላይ። እየሳቅኩ ተነስቼ አዲሱን ብሎን ለማጥበቅ ግማሽ ኢንቹን ልወስድ ወደ ግድግዳው እጄን ስሰድ፣ አባትሽ፣

«ሬይ፣ መስቀያውን አትመኚው። ቁጥሩን አንብቢ» አለኝ።

እኔ ቂል ቀለድኩበት። «ምነው ዳሪል? መስቀያው አይዋሽም ስትል አልነበር?»

ቀና ስል አባትሽ እያለቀሰ ነው። እናቱ ስትቀበር ያላለቀሰ ሰው።

ያኔ ነው ግድግዳውን በደንብ ያየሁት። ግማሽ ኢንቹ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ ያለው የአሥራ ሦስት ሚሊሜትሩ ጥላ ነው ባዶ የሆነው፤ ውስጡም በጠመኔ ስምሽ ተጽፏል። «ልጅቷ ይዛው የሄደችው ከግማሽ ኢንቹ ቦታ ያነሳችውን አይደለም እንዴ? ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» አልኩት።

ቀስ እያለ ነገረኝ። አሁን ቃላቱ ይያያዙበታል፣ እየጠበቅኩ ነው የምሰማው። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ የኔን መኪና ሊሠራ አሥራ ሦስት ቁጥሩን ከቦታው ሲያነሳ፣ እጁ ላይ ያገኘው ግማሽ ኢንቹን ነው። አንቺ ከመሄድሽ በፊት በነበረው እሑድ ሁለቱን አጥቦ ሲሰቅላቸው ራሱ አለዋውጧቸው ነበር። ጥላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸው ፀጉር አያክልም። አሥራ ሦስቱ በኢንች የተሠራው ብሎን ላይ የገባ ይመስላል፣ ሲጫኑት ይሟለጫል። አንቺ እሱ እንዳስተማረሽ ከቦታው ነው ያነሳሽው። ይህን ሲያውቅ ነው ግማሽ ኢንቹን ቦታው መልሶ፣ ስምሽን ባዶው የአሥራ ሦስት ጥላ ውስጥ ራሱ የጻፈው።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«ነገ እደውላለሁ ስል ሰነበትኩ። ነገ ስል ወር ሆነ። ከወር በኋላ ደግሞ... ዘጠኝ ዓመት ሆነ፣ ሬይ።»

«እኔስ? እኔ አይደለሁም እንዴ ይቅርታ ጠይቂው እያልኩ የኖርኩት? አጠገቤ ተቀምጠህ እየሰማህ?»

እኔም መጮህ አማረኝ፤ ግን እጁ ጉልበቱ ላይ እንደ ወፍ ሲርገፈገፍ አየሁና ያዝኩለት። መቆጣቴ አልቀረም፤ ሰኞና ማክሰኞ ሾርባውን ያለ ጨው ነው የሰጠሁት።

አንቺ ደግሞ የመኪና ሰው ነሽ። ያንን መፍቻ አንድ ቀን አጥበሽ ቁጥሩን ሳታነቢ አትቀሪም። ምናልባት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንዳለሽ አንብበሽዋል። ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አውቀሽ፣ እስኪነግርሽ እየጠበቅሽ፣ እኔ በየቅዳሜው ይቅርታ ጠይቂ ስልሽ። ማሪኝ ልጄ። እኔ በበኩሌ የምለው ይህንኑ ነው፣ ሌላ ጌጥ የለውም። ማሪኝ።

እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። «ራሴ ነኝ የምነግራት፣ በአፌ» ነው የሚለው። ስለዚህ ነይ፤ ስትመጪም ያልሰማሽ ሁኚ። ግን ብሪ፣ አፉ ብዙ አይጠብቀውም። ሐኪሟ እጁን ተከትሎ ንግግሩ እንደሚሄድ ነግራናለች። መስከረም ላይ ምን እንደምናደርግ፣ ጥቅምት ላይ ምን ዓይነት ወንበር እንደሚያስፈልገው አስረዳችን። ስለ ገና ምንም አላለች፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ፒክአፑን ልጨርስልሽ። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ቤንዚን፣ አዲስ ካንዴላ፤ በአራተኛው ሙከራ እንደ ሽማግሌ ሳለና ተነሳ! ጭሱ በቀቀኖቹን ከመብራት ሽቦው ላይ በተናቸው። አባትሽ በከዘራው መሬቱን እየደበደበ «ጋዝ ስጪው! ጋዝ!» ይላል፤ እኔ መሪውን ይዤ እንደ እብድ እጮሃለሁ። በዚያው ፒክአፕ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ጎማ ቢፈነዳ ግድ የለኝም። ክሪኩን ከወንበሩ ኋላ አስሬዋለሁ። ክፍልሽ ንጹሕ ነው፣ ብርድ ልብሱ ፀሐይ ላይ ውሏል፣ የምትወጂውን የዱባ ሾርባ ሠርቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ አድርጌ አስቀምጫለሁ፤ እሱ ጨው አለው።

መንገድሽ ይቅና፣ እጅሽን ብረት አይብላው፣ ከከባድ መኪና ሥር ጠባቂሽ አይለይሽ፣ እዚህ ደጅ ላይም በደህና ያድርስሽ።

የምትወድሽ፣ ጥፍረ ጥቁሯ እናትሽ
ሬይሊን

ከጻፍኩት ላይ የምጨምረው፦ ጠመኔ ይለቃል፤ ስለዚህ ለካ አባትሽ በየእሑዱ ስምሽን እንደገና ሲያደምቀው ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት እሑድ እሑድ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚገባው ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ፤ እጁን በእጄ ይዤ አብረን ጻፍነው፣ ጠማማ ነው። ለከርሞ እንዳይቸግረን ብዬ ከትምህርት ቤት አንድ ፓኬት ሙሉ ጠመኔ አምጥቼ አሳየሁት። ፓኬቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አየውና አንዲት ብቻ አውጥቶ ሌላውን መለሰልኝ። «አንዷ ትበቃለች» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።