ለካሜራ የቆመው ስንዴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬም አትንኩ ተባልን። ስንዴው ደርሶ፣ ደርቆ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እየተንኮሻኮሸ እኛ እጃችንን አጣጥፈን ዳር ቆመን እናየዋለን። የገዛ ስንዴያችንን! አባዬ ጠዋት አንዱን ዘለላ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰበረው። ቀጭ አለ። «በቃ፣ ደርሷል» አለ። ከዚህ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ኪሳራ ነው ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ማን እንደሆነ አይነገርም፤ «ትልቅ ሰው» ብቻ ነው የሚባለው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ሲሄዱ አስፋልቱን የሚነካው የኩታ ገጠም ስንዴ እሱ ፊት፣ ካሜራ ፊት፣ በኮምባይነር እንዲታጨድ ተወስኗል። ጎረቤቶቻችን ከመንገዱ ስለራቁ አጭደው ጨርሰዋል። አስፋልቱን የሚነካው የኛ ሁለት ሄክታር ስለሆነ ቆሞ ቀረ። እንግዳው ባለፈው ቅዳሜ ይመጣል ተብሎ ነበር። ወደ ሐሙስ ተዛወረ።

እኔ ፖለቲካል ሳይንስ አራት ዓመት ተምሬ አሰላ ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የምተይብ ሰው ነኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን በቀን ሃያ ጊዜ እጽፋለሁ፤ የሚመለከተው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ለአጨዳ ብዬ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ፤ መጥቼ ግን የስንዴ ዘበኛ ሆንኩ። መምህሮቻችን ስለ መንግሥት ባሕርይ ብዙ አስተምረውናል። እኔ ዛሬ ባጭሩ ገባኝ፦ የኛዎቹ ስንዴ አይበሉም፣ ስንዴ ያያሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጫላ በሞተር መጣ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ አብረን ነው የተማርነው፣ ሒሳብ ከኔ ይገለብጥ ነበር። ዛሬ የመጣልን ነገር፦

አንድ ባነር፣ ከቤታችን የሚረዝም።
ሠላሳ የፕላስቲክ ወንበር።
አሥር ቲሸርት፤ አባዬ አንዱን ሊለብስ ሞከረ፣ አንገቱ አልገባለትም።
ማዳበሪያ? የለም። እሱ በልግ ነው አሉ።

«ወንበሩን እንዝራው እንዴ?» አልኩት። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ጫላ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ማሎ ሀዊ፣ በናትሽ፣ አፍሽን ያዢልኝ። ይህ ስንዴ ቢነካ የምባረረው እኔ ነኝ።» የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ለሞተሩ ቤንዚን እንኳ ከኪሱ ነው። አሳዘነኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እሱ ነው። ቢሆንም ልሰድበው ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት።

አባዬ ፈርሟል። «ማሳውን ለጉብኝት አቆያለሁ» ብሎ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እዚህ አካባቢ ሁለት ሰው ድንበር ሲጋፋ እሱ ጋ የሚመጣው ቃሉን ስለማያጥፍ ነው። ለባለሥልጣናት በስማቸው ይጸልያል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ጸሎት መሐል ዓይኔን ገልጬ ጣራውን አያለሁ። በዚያ ላይ ማዳበሪያ የሚያገኙ ገበሬዎች ዝርዝር የሚወጣው ካስፈረሙት ሰዎች ቢሮ ነው። ማን እምቢ ይላል?

የኮምባይነሩ ደላላ ሙክታር ደወለ። «እስከ ዓርብ ጠዋት እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ በቆጂ ነኝ። የናንተ ስንዴ ለፎቶ ነው፣ የኔ መኪና ግን ለእንጀራ ነው።» ምን ልበለው? እውነቱን ነው።

ስልኬ ለእሑድ ደመናና ጠብታ ስሏል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አልመጣም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወንበር ደርድረን ተቀመጥን። እማዬ የባህል ልብስ እንድትለብስ ታዘዘች፤ ለብሳ ፀሐይ ላይ ዋለች፤ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ጫላ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «እሺ... እሺ... እሺ ጌታዬ» እያለ ዞረ። ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። ለምን? አልተነገረም። ምናልባት ትልቁ ሰው ሌላ ቦታ ሌላ ስንዴ እያየ ይሆናል።

ከዚህ ስንዴ የሚጠበቀውን በልቤ ደረደርኩ፦ የዓመት ቀለባችን። የመጪው ክረምት ዘር። የእማዬ መድኃኒት። ሌላ መሬት የለንም፣ ሌላ ሰብልም የለንም። ዝናብ ከመጣ በቁሙ ይበቅላል። የበቀለ ስንዴ ለከብት ነው፤ እኛ ደግሞ የቀረን ከብት ሁለት በሬ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ አባዬን እንዲህ አልኩት፦ «ከመንገዱ በኩል አሥር ሜትር እንተውላቸው፣ የውስጡን እንጨድ። ከመኪና ሆኖ ማን ያውቃል? ካሜራውም የሚያየው ዳሩን ነው።»

ጉርሻውን አቆመ። «ልዋሽ ነው የምትዪኝ?»

«እነሱ በየምሽቱ በሁለት ሰዓት ዜና ይዋሹሃል። አንተ አንድ ቀን ብትዋሻቸው ምን አለበት?»

በልቶ ሲጨርስ ወጥቶ ሰማዩን አየ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ የድሮ ሰዎች። ይሁን፤ ግን ሁለቱም ተባብረው የአንድን ገበሬ ስንዴ ማጥፋት አለባቸው?

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ኮምባይነሩ ሄደ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በደጃችን አለፈ፤ ሙክታር ከላይ ሆኖ እጁን አነሳልኝ፣ እኔ አላነሳሁለትም። እስኪሰወር ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አየሁት። ሮጬ መንገዱ ላይ ልተኛ አምሮኝ ነበር። ከምሬ ነው። ለቅዳሜው ካሜራ ኮምባይነር ከየት እንደሚመጣ ጫላም አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳጉሬ ወርጄ ሌላ ኮምባይነር ጠየቅሁ። ሦስት ደላላ፣ ሦስት ሳቅ። አንዱ «እናንተ እኮ የመንግሥት ስንዴ ናችሁ» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ስንዴ ተትረፍርፎ ለጎረቤት አገር ሁሉ እንደምንበቃ ያወራል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዳቦ ይዛለች፤ ከማነሱ የተነሳ መዳፏ ውስጥ ጠፍቷል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው! ተረቱ በዓባይ ልጅ ነው የተተረተው፣ የጠማን ግን እኛን የአርሲ ልጆችን ነው። ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። ሁላችንም መስኮት መስኮቱን እያየን ደረስን።

ስመለስ ጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። እማዬ ወገቤን አለች። ወገቧን ሲያማት ዝናብ ይመጣል።

ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

መጡ። አለፉ።

ሌላ ምን ብዬ ልጽፈው! ከአራት ሰዓት ጀምሮ ባነሩን ይዘን ቆመናል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአሰላ በኩል ታዩ፤ አሥራ አንድ መኪና ቆጠርኩ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም መስኮቱ ጥቁር። አባዬ ኮቱን አስተካከለ። ጫላ እጁን እያወዛወዘ መሐል መንገድ ሊገባ ምንም አልቀረው። ፍጥነታቸውን እንኳ አልቀነሱም። የመጨረሻው መኪና አንድ መስኮት ወርዶ አንድ እጅ ስልክ ይዞ ወጣ፣ ቀረጸን መሰለኝ፣ ተመልሶ ገባ። አቧራው ባነሩ ላይ ቀረ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ለጫላ ተደወለለት። ፊቱ ሲለዋወጥ አይተነዋል። ስልኩን ዘግቶ አባዬን ማየት አቃተው።

«ጋሽ ቶሎሳ... ተጎብኝቷል አሉ።»

«ማን ጎበኘው?»

«ከመኪና ሆነው አይተውታል። ጉብኝቱ ተካሂዷል፣ ጥሩ ነው ብለዋል።»

ሳቄ መጣ። ክፉ ሳቅ ነው፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነብኝና እማዬ ጀርባዬን መታችኝ። አባዬ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ኮቱን አውልቆ ከመንግሥት ወንበር በአንዱ ላይ ሰቀለው። ወደ ጓዳ ገባና ማጭድ ይዞ ወጣ። «ቃሌ እዚህ ላይ አለቀ» አለ።

ሁለት ሄክታር በማጭድ! እሱ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኔና እማዬ ተከትለን ገባን። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን ሀጂ ከድር አራት ልጆቻቸውንና ማጭዶቻቸውን ይዘው መጡ። አባዬ «ሀጂ፣ እርስዎማ አይጎንበሱ» ቢላቸው «ቶሎሳ፣ ዝም ብለህ እጨድ፣ ወሬ በኋላ» አሉት። እስኪመሽ አጨድን። እጄ ውኃ ቋጥሮ ፈረጠ፤ ብዕሩን የያዝኩት በጨርቅ ጠቅልዬ ነው። ግን ከሳምንት በኋላ ዛሬ ነው ንዴቴ የበረደው።

እሑድ፣ ኅዳር 28

አባዬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ እሑድ አላየሁም። አራት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ መጣች፤ አገልጋዩ ስብከቱን አሳጥሮ ሕዝቡን ወደ ማሳ ለቀቀው። ዘማሪዎቹ በእሑድ ልብሳቸው፣ ከሀጂ ቤት ሰው ጎን ለጎን፣ ሃምሳ እንሆናለን። ደቦ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ አላየሁም። ኮምባይነር ከመጣ ወዲህ ማጭድ ያስቀመጠው ሁሉ ከጣራው ሥር እየመዘዘ መጣ። ጫላም መጣ። ማንም አልጠየቀውም፣ ጎንበስ ብሎ ከዳር ጀመረ።

ለአፍታ እናሸንፋለን ብዬ አምኜ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትልልቅ ነበሩ። ነዶውን እየተሸከምን ሮጥን፤ ሸራ አልበቃም፤ አንዱ የጫላን ባነር ከአጥሩ ገንጥሎ ክምሩ ላይ አለበሰው። በመጨረሻ ላገልግሎት ዋለ። ያላጨድነው፣ ግማሽ ያህሉ፣ ዓይናችን እያየ መሬት ላይ ተኛ። ሰዎቹ ከዝናቡ ሳይሸሹ ቆመው ቀሩ። አንዲት አሮጊት ዘማሪ የአባዬን እጅ ይዛ ታለቅሳለች፣ እሱ እሷን ያጽናናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ሲዘንብ ዋለ። በዜናው ስለ ጉብኝቱ ተነገረ፤ የታየው ስንዴ የኛ አይደለም፣ የማን እንደሆነም እንጃ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ዝናቡ ትናንት አባራ። የተኛው ስንዴ ዘለላው ውስጥ እየበቀለ ነው፤ አረንጓዴ ጭራ አውጥቷል። የዳነው ከተጠነቀቅን ለቀለብ ይበቃ ይሆናል። ዘሩንና መድኃኒቱን አላውቅም።

ጫላ ወረቀት ይዞ መጣ። ቁጭ በል ቢባል አልተቀመጠም። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የአቶ ቶሎሳ ማሳ በከፍተኛ እንግዶች ተጎብኝቷል፤ በኮምባይነር ታጭዶ ያለ ብክነት ተሰብስቧል። የምርቱ መጠንም ሰፍሯል፤ ይህ መሬት አያቴ ካረሰው ጀምሮ ያን ያህል ሰጥቶ አያውቅም። ከታች የአባዬ ስም፣ አጠገቡ ባዶ መስመር።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ማሎ፣ ይፈርሙልኝ» አለ ጫላ መሬት መሬት እያየ። «የማዳበሪያው ዝርዝር ከዚህ ጋር ነው የሚሄደው። ያልፈረመ... ያው ያውቁታል።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደብተሩ የኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በመንግሥት ስታሾፍ የከረመችው ሀዊ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስትጮህ የነበረችው፣ አባቷ ፈሪ የመሰላት፣ ምን ያለች ይመስላል?

«አባዬ፣ ፈርም» አልኩ።

ቀጠልኩም። «ወረቀት ነው፣ ፈርመህ ገላግለን። ማዳበሪያ ከከለከሉን በክረምት ምን ልናደርግ ነው? ማን ያነበዋል? ሁሉም ይፈርማል!»

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ለጫላ መለሰለት። «ልጄ፣ አቆየዋለሁ ብዬ ፈርሜ ነበር፣ አቆየሁት። ይህን ግን አልፈርምም። ሃምሳ ሰው በማጭድ ያጨደውን መኪና አጨደው ብዬ፣ ነገ እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ጫላ «እሺ ጋሼ» አለና ወጣ፤ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ እስከ አስፋልቱ ሄደ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «አንቺም ትፈሪያለሽ ለካ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ልጅ እንደሚያናግር።

አዎ፣ እፈራለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው። ዝርዝሩ የሚለጠፈው ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ፤ ስማችን ይኑር አይኑር እስከዚያ ማንም አይነግረንም። አባዬ ውጭ ነው፣ የረጠበውን ነዶ ለፀሐይ እየገለበጠ። ብቻውን አይጨርሰውም፣ ልሂድ።